ይነሳል

ፒያሳ፥ ከወርቅ ቤቶቹ በስተጀርባ፥
በሚንቋቋው የእንጨት ደረጃ ሃያ ሁለት እርከን ሲወጣ
(ዐሥራ ሰባተኛው የለም፤ እግራችን ለምዶ ይዘለዋል)
በሩ ላይ «ሁለት ነጥብ» ይላል።
እሷ፥ ቃልን ከቃል የምትለየው፥
ስልክ ከመጣ ወዲህ ማንም የማይጽፋት።

«ሁለቱ ነጥቦች እነማን ናችሁ?» ይላል ሰው።
አንዷ ትርሲት ናት፤ አንዱ ልዑልሰገድ ነው።
እኔስ? ሒሳብ ያዥ፥ የኪራይ ቀጠሮ ለማኝ፥ ቀለም ገዢ፥
በሁለቱ መሀል ያለሁ ክፍተት ነኝ።
እነሱ ናቸው ያስተማሩኝ፥ ክፍተትም ሥራ እንዳለው፤
ፊደልን ፊደል የሚያደርገው ጎኑ ያለው ባዶ ነው።

ትርሲት «መ»ን ስትስል ትንፋሿን ትይዛለች።
«ሁለቱ ሆዶች እኩል ከሆኑ መነጽር ይመስላል፤
ግራው የፀጉር ያህል ይጥበብ፥ ዐይን ሳያውቅ» ትላለች።
ልዑልሰገድ የ«ሐ»ን ሦስት እግሮች በማስመሪያ ይለካል፥
ማታ ይሠራል፥ ጧት ያፈርሳል፤
አባቱ ብራና ጸሐፊ ነበሩ፤
በሕልሙ እየመጡ፥ «ይቺ ፊደል ታነክሳለች» ይሉታል።

አምና አንድ የመነጽር ነጋዴ መጣ፤
አራተኛዋ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ የደንበኛ ናት፥
ብዙውን ጊዜ አቧራ ነው የሚቀመጥባት።
ለሱቁ ማስታወቂያ ፈለገ፤ «ጸሀይ መነጽር» ተብሎ።
«በፀሐዩ ፀ ነው» አለ ልዑልሰገድ።
«በሐመሩም ሐ» አለች ትርሲት።
ሰውዬው ሣቀ፤ «ልጆቼ፥ ጸሀይ በየትኛውም ብትጻፍ ትሞቃለች!»
ሦስት ቀን ተከራከሩት፤ በአራተኛው ሌላ ጋ ሄደ።
ያችን ፀሐይ መዝገቤ ላይ በቀይ ጻፍኋት።

ሰኞ ጧት ደግሞ ሌላ ቀይ ጠበቀን፤
በሩ ጥግ፥ ግድግዳው ላይ፥ በዘይት ቀለም፥
አንድ ቃል፤

ይነሳል።

ሰዓት ጠጋኙ ጋሽ ናስር ወጥተው አዩት፤ ዕድሜያቸውን በጣታቸው ቆጠሩ።
ልብስ ሰፊዋ አየችው፤ መርፌውን ከአፏ ሳታወጣ አለቀሰች።
ልዑልሰገድ ሁለት ጊዜ አነበበና
«በንጉሡ ሠ ነበር የሚጻፈው» አለ።
ማንም አልሣቀም።
ትርሲት ግን ጉልበቷን አፈር አስነክታ
«የ‹ሳ›ን ቀኝ እግር እዩልኝ» አለች፤
«ብሩሹ ቀለም ሲጨርስ እጁ አልቆመም፤
ደርቆም ወርዷል። ይህን እጅ ማን አሳደገው?»

ሦስተኛው ቅያስ ላይ አገኘነው፤ ጥጋቡ ይባላል፤
ከአይሱዙ ጀርባ ጥቅስ ሲጽፍ ነው ያደገ።
ልንደበድበው የመጣን መስሎት
ባልዲውን ከኋላው ደብቆ፥ «እኔ የታዘዝኩ ነኝ» አለን።
ስምንት ወር ሙሉ፥ በቀን አርባ ግድግዳ፥
ከዚያች ቃል ሌላ ጽፎ አያውቅም።
«ከ‹ሀ› እስከ ‹ፐ› ጻፍልን» ስትለው
ይከፈለው እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀ።

ዐሥራ ሰባተኛውን እርከን አላወቀውም፤
ገሚሱ ቀይ በደረጃው ወረደ።

አሁን አራተኛዋ ወንበር ላይ ነው፤ ካኪ ወረቀት ተዘርግቶለት፥
ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፤ ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ፤
የ«መ» ግራ ሆድ፥ ማንም ሳይነግረው፥ ጠበበ።
ትርሲት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።
ከዚያ «ሠ»ን ጨርሶ ብሩሹን አነሣ፤
«ይቺኛዋ» አለ፥ «ያቺኛዋ እያለችልን፥ ምን ትሠራለች?»

ልዑልሰገድ አፉን ከፈተ፤ ስለ ንጉሡ ሠ
የሃያ ደቂቃ ንግግር አለው፤ እኔም በቃሌ ዐውቀዋለሁ።
ግድግዳው ትዝ አለው መሰል፥ ዋጠው።
«ለሚነሣ ነገር» አለው ቀስ ብሎ፥ «ለሚነሣ።»

ከማዶ የአፍራሹ መኪና ያጓራል።
ጥጋቡ ገና «ረ» ላይ ነው።